ጋቢ የለበሰው ሣጥን

ባለፈው ጥቅምት ነው። የልጅ ልጄ ሶስና፣ "እናና፣ የሠራነውን ማድረቂያ መጥተሽ ካላየሽልኝ" እያለች ስትወተውተኝ ሰንብታ አንድ ቀን ባጃጅ ይዛ ደጄ ድረስ መጣች። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነው የምትሠራው። ጉልበቴ ዳገት መውጣት ካቆመ ቆይቷል፤ ባጃጁም እያንገጫገጨ ወስዶ አንድ ሜዳ ላይ አወረደኝ። ሜዳው መሐል ነጭ ላስቲክ የለበሰ፣ ጎጆ የሚያህል ነገር ቆሟል። በአንድ ጎኑ ትንሽ ማራገቢያ ዝዝዝ እያለች ትዞራለች፤ ውስጡ ደረጃ በደረጃ በርበሬ ተሰጥቷል። ገና ሳልቀርበው ሽታው ተቀበለኝ። በፀሐይ የሚደርቅ በርበሬ ሽታ መጀመሪያ ላይ ጣፈጥ ይላል፤ ከዚያ አፍንጫን ቆንጠጥ ያደርግና ጉሮሮ ላይ ቁጭ ይላል። ቀኑ ሞቅ ብሎ ነበርና ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድሁ፤ እንዲያው ሳላስበው ላስቲኩ ላይ ጣል አደረግሁት።

"ኧረ እናና!" አለች ሶስና እየሳቀች፣ "ነጠላሽን አንሺልኝ፣ ፀሐይዋን ጋረድሽብኝ እኮ!"

አነሣሁት። ዓይኔ ግን ሞላ። ደነገጠችና "ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "በርበሬው ነው" አልኋት። ዓይን የሚያቃጥል ነገር ባለበት ማልቀስ ደግ ነው፤ ማንም ምክንያቱን አይጠይቅሽም። ነጠላዬን አጣጥፌ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ያመጣችልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። እሷ ስለ ማራገቢያው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ምኑ ስታስረዳኝ እኔ እዚያ አልነበርሁም። እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አጥሩ የቅትክታ ቁጥቋጦ በሆነው በዚያ ግቢ፣ በደርጉ ጊዜ ነበርሁ።

ዓመቱ ስንት ነበር ብትሉኝ አላውቀውም። እኔ የማውቀው ቀበሌው ማለዳ በድምፅ ማጉያ የሰልፍ ዘፈን የሚያስጮህበት፣ ስኳርና ሳሙና በኩፖን የምንወስድበት፣ ተሰልፈን ስንቆም ተራ የሚጠብቅልን ድንጋይ የምናስቀምጥበት ዘመን እንደነበር ነው። ድንጋዩ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የኔው ጠፍጣፋ ነበር። ወንዱ ካኪ ኮት፣ ከጎማ የተሠራ በረባሶ፤ ደህና ያለው ተትረን ሱሪ። ሴቱ ደግሞ የአቡጀዲ ቀሚስ፤ ለበዓል አበባ ያለው ሻሽ። በርበሬ በቁና ነበር የሚሸጠው፤ የእብናቱ የተሻለ ነው ይባል ነበር፣ ቀለሙ ደም የመሰለ። ከገበያው በላይ ያለው የሻይ ቤት ሬዲዮ እስከ መንገዱ ይሰማል፤ ቀን ቀን ዜማው ሁሉ "ወደፊት" የሚል ነው፤ አመሻሽ ላይ ግን ባለቤቱ ሬዲዮኑን ይዘጋና አንድ ዓይነ ስውር አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በሩ ላይ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ሰው እግሩን ያሳጥራል። እኔም ውኃ ቀድቼ ስመለስ እንስራዬን እንደተሸከምሁ እቆም ነበር። ፊደልም የቆጠርሁት ያን ጊዜ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የለም፤ ይህን ስጽፍ እጄ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ።

ባለቤቴ ምትኩ አናጢ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እንጨት ሲያይ ዓይኑ የሚበራ። ቀኝ ጆሮው የተበሳ ነው። እናቱ፣ እምየ ማሬ እያልሁ የምጠራቸው አማቴ፣ ከሱ በፊት የወለዷቸውን ሁሉ አፈር አልብሰዋል። እሱ ሲወለድ ስሙን ምትኩ አሉት፤ እንደ አገሩ ልማድ አንድ ጆሮውን በስተው የብር ሎቲ አንጠለጠሉለት፣ ሞት እንዳያውቀው። ጡት እስኪጥል ድረስ ፊቱን ለሰው አሳይተው አያውቁም፤ ሁልጊዜ በጋቢያቸው ውስጥ ነበር። አድጎ፣ ጢም አብቅሎ፣ እኔን አግብቶም ቢሆን አላመኑም። ሰው "ምትኩ እጁ ወርቅ ነው" ካለ እምየ ማሬ ይቆጣሉ።

"ምኑ ወርቅ ነው! የሠራው በር ይጮኻል፣ የሠራው ወንበር ይወዛወዛል። ጠማማ ነው፤ ሂዱ ሌላ አናጢ ፈልጉ!"

"ኧረ እምየ፣ ሥራ ያሳጡኛል" ይላቸዋል እሱ እየሳቀ።

"ሥራ ብታጣ ምን አለበት። አንተን ከማጣ።"

አንድ ጊዜ ለአንድ ቄስ ያማረ ሣጥን ሠርቶ ደጅ ቢያስቀምጠው፣ ሳናያቸው አንዱን ጎን አመድ ለቅልቀውት ተገኙ። የሰው ዓይን እንዳይገባበት ነው። እኛም ስቀን አለፍነው።

ግርማ የመጣው እንግዲህ ያኔ ነው። ከወደ አርሲ ተመድቦ የመጣ የእርሻ ባለሙያ ነበር፤ ቀጭን፣ ብርድ የሚፈራ ልጅ። ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ሲጀምር ሁለት ሹራብ ደርቦ ይታያል፤ ሰፈሩም ስሙን ረስቶ "ባለ ሁለት ሹራብ" ይለው ነበር። አንድ ቀን ለመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ሊያሠራ እቤታችን መጣና ከምትኩ ጋር ጨዋታ ያዙ። ጠረጴዛው ተረሳ። ከእብናት ወገን በአህያ የሚመጣው በርበሬ በደንብ ሳይደርቅ እየተጫነ ደጋው ላይ ሲደርስ ይሻግታል፤ ገበሬው ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ገደል ይደፋዋል። ግርማ ይህን አይቶ እንቅልፍ አጥቷል። "በፀሐይ ብቻ የሚያደርቅ ሣጥን መሥራት ይቻላል፤ ብር የሚፈጅ አይደለም" አለ። በመዳፉ ላይ በእርሳስ ሥሎ አሳየው፤ ምትኩም መዳፉን ይዞ እንደ መስቀል አገላብጦ አየው።

ከዚያ በኋላ እቤታችን ሌላ ወሬ ጠፋ። ላስቲኩን ከማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ካለው ስስ ላስቲክ አጥበው፣ በክር ሰፍተው አገኙት። ቆርቆሮውን ከዘይት ጣሳ ቀጥቅጠው አወጡ። ማጥቆሪያ ቀለም አልነበረም፤ እኔ ከድስትና ከጀበና ቂጥ ጥላሸት ፍቄ በኑግ ዘይት ለወስሁላቸው፤ እጄ ስንት ቀን ጥቁር ሆኖ ሰነበተ። የሚሰጣበትን ወንፊት መሳይ አልጋ ከቀርከሃ የሠሩት ራሳቸው እምየ ማሬ ናቸው፤ "ለማይረባ ሥራ" እያሉ፣ ግን ጣታቸው እስኪደማ ጥሩ አድርገው። ከታች ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ፣ ከላይ እርጥበቱ የሚወጣበት፣ እሱም በጥላሸት የተቀባ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ፣ በጎኑ ትንሽ በር። አራት እግር ላይ ቆመ።

ጎረቤት እየመጣ መቀለድ ጀመረ። "አያ ምትኩ፣ ይኼ ነገር ዶሮ ቤት ነው ወይስ ቀፎ?" "ጭስ ማውጫ አለው፣ እሳት ግን የለው፤ የምን ምድጃ ነው?" ግርማ በተሰባበረ አማርኛው፣ "እሳቱ እዚያ ነው" ይልና ወደ ፀሐይ ያሳያል። አንድ ቆሎ ሻጭ፣ "ታዲያ እሱን እሳት ማን ነው እሚያጠፋው?" ብላ ስትጠይቅ ሁላችንም ስንስቅ ትዝ ይለኛል።

መጀመሪያ ጊዜ ትንሽ በርበሬ አስገብተው ሞከሩት። ሦስት አራት ቀን ነው የፈጀው። ምትኩ ወጣና አንዱን ዛላ አንስቶ ነቀነቀው፤ ውስጡ ፍሬው ተንኳኳ፣ ሽልል ሽልል አለ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለ ድምፅ ነው። ግርማ ዘሎ አቀፈው። እኔም እልልታዬን አቀለጥሁት። እምየ ማሬ ብቻ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ "ዝም በሉ! ምን ተገኘ ብላችሁ ነው አገሩን የምትጠሩት?" አሉ።

አገሩ ግን መጣ። ወሬው ከገበያ ገበያ ሄደ። ከእስቴ የመጣ፣ ከእብናት የመጣ፣ ሥራ የፈታ ሁሉ አጥራችን ላይ ተንጠልጥሎ ማየት ሆነ። የቀበሌው ሊቀመንበርም መጣ። ነገሩ ሌላ መልክ የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው።

ያን ጊዜ ወጣት ወንድ ያለበት ቤት ሁሉ ልቡ በእጁ ነበር። ለውትድርና የሚፈለጉ ሰዎች ስም ተጠርቶ ይወሰዳሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ሳይጠራ ከገበያ ታፍሰው ይሄዳሉ። የምትኩ ተራ እንደሚደርስ እናውቅ ነበር። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጄን ፀንሻለሁ። ግርማ ይህን ስላወቀ አለቆቹን ሲለምን ከርሞ አንድ ቀን እየሮጠ መጣ። "ከክፍለ ሀገሩ ትልልቅ ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ካማራቸው እዚህ ደብረ ታቦር ውስጥ የማድረቂያ መሥሪያ ቤት ይከፈታል። ምትኩ ለሥራው ያስፈልጋል ተብሎ ከውትድርናው ይቀራል። ሊቀመንበሩም ተስማምቷል።" ምትኩ ወጥቶ የሣጥኑን እግር አንድ በአንድ እየነካ ጥንካሬውን አየ። እኔ በዚያ ሣጥን ላይ ባሌ፣ የልጄ አባት፣ ተጭኖ ይታየኝ ጀመር።

ሊቀመንበሩ ተጠራጣሪ ሰው ነበር። "የደረቀ በርበሬ አምጥታችሁ እንዳትተኩ" ብሎ ርጥቡ በርበሬ ከገባ በኋላ በሩን በገመድ አስሮ በሰም አሸገው። ትልልቆቹ ሰዎች እስኪመጡ ማንም እንዳይከፍት አዘዘ። ሣጥኑም ሕዝብ እንዲያየው አጥሩ ሥር፣ ከመንገዱ አጠገብ ተደረገ። እኔ በዚያው ሰሞን እናቴ ታማብኝ ወደ ጉና ሥር፣ ወደ ትውልድ ቀዬ ሄድሁ። ግርማ ሥራ ተሰጥቶት ወረዳ ወረዳ ይዞር ነበር። ምትኩ ቀን ቀን የቀበሌውን አዳራሽ ጣሪያ ሲያዋቅር ይውላል፣ ማታ ይመጣል። ማታ ላስቲኩ ላይ ላብ ያያል፤ በመጀመሪያው ጊዜም አልቦት ስለነበር በርበሬው ውኃውን እየተፋ ነው ብሎ ደስ ይለው ነበር፤ እንዲህ ብሎ ነው በኋላ የነገረኝ። ሰማዩ እንደ መስታወት የጠራበት ሰሞን ነበር፤ ጠብታ ዝናብ የለ፣ ቁራጭ ደመና የለ።

ከእናቴ ዘንድ የተመለስሁት እንግዶቹ በሚመጡበት ጠዋት ነው። ግቢው በሰው ሞልቷል። ሦስት መኪና ቆሟል። ምትኩ የሠርጋችንን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ሊቀመንበሩ ገመዱን በጩቤ በጠሰና በሩን ከፈተ።

የወጣው ሽታ የበርበሬ ሽታ አልነበረም። የሻገተ፣ የቦካ ሽታ። ዛላው ሁሉ ነጭ ፀጉር አብቅሏል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተጣብቋል፤ ከቀርከሃው ሥር ውኃ ይንጠባጠባል። ከእንግዶቹ አንዱ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ "ጓድ ግርማ፣ በርበሬ ልታደርቁ ነው ወይስ ጠላ ልትጠምቁ?" አለ። ሰዉ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ከሁሉ በላይ ሳቀ። "እኔ ብያለሁ እኮ፣ ዶሮ ቤት ነው ብያለሁ።" ግርማ፣ "እባካችሁ፣ መጀመሪያ ደርቆ ነበር፣ አይተናል፤ አንድ ዕድል ስጡን" ብሎ ተከተላቸው፤ እነሱ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ምትኩ ከስፍራው አልተንቀሳቀሰም። አንዱን የሻገተ ዛላ አንስቶ፣ እንደዚያኛው ቀን ጆሮው አጠገብ ነቀነቀው። ድምፅ የለም።

በቀጣዩ ገበያ ስሙ ተጠራ።

ስለዚያ ቀን ብዙ መጻፍ አልችልም። ምልምሎቹን የሚወስደው መኪና ከገበያው ጥግ፣ ከዋርካው ሥር ቆሞ ነበር። ሴቱ ሁሉ በሶና ዳቦ ቆሎ በከረጢት ይዟል። እምየ ማሬ የልጃቸውን ራስ ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው እንደ ሕፃን ያዙት፤ ሰው አላፈሩም፤ እሱም አላፈረም። ለኔ የነገረኝ የመጨረሻ ነገር ስለ ልጃችን መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። "የሻረግ፣ ሣጥኑ ላይ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ መሄዴ ነው የሚከነክነኝ" አለኝ። "ቀዳዳው ጠቦ ይሆን? ወይስ ቆርቆሮው?" መኪናው ሲነሣ እንኳ ሲያስብ ነበር። ፊቱ ላይ ይታያል።

ሣጥኑ እዚያው አጥሩ ሥር ቀረ። የገና በዓል ሲቃረብ የእምየ ማሬን ጋቢ ላጥብላቸው ወንዝ ወረድሁ። ውኃ ሳይነካው ገና ስዘረጋው አነጠሰኝ። በርበሬ በርበሬ ይላል። ገለጥ ሳደርገው ደግሞ መሐሉ ላይ ጥቁር ክብ አለ፤ ክቡ ልክ እንደ ማኅተም የታተመ ነው። የኑግ ዘይትና ጥላሸት። እኔው በእጄ የለወስሁት ነውና አልጠፋኝም። ክቡም የሣጥኑ ጭስ ማውጫ አፍ ነው። ጋቢውን ሳላጥብ ይዤ ተመለስሁ።

"እምየ፣ ይኼ ጥቁር ነገር ከየት መጣ?"

"ከሣጥኑ ይሆናላ" አሉ፣ ጥጥ እየፈተሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

"ከየቱ ሣጥን?"

"ከልጄ ሣጥን ነዋ! ያ ሁሉ አላፊ አግዳሚ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያፈጥበት እንዲሁ ራቁቱን ይዋል? ምትኩ ለሥራ ሲወጣ አለብሰው ነበር፤ ሊመጣ ሲል ደግሞ እገፍፈዋለሁ። ካየኝማ ይቆጣኛል፣ 'እምየ፣ ዘመኑ ሌላ ነው' ይለኛል።" እንዝርታቸውን አሾሩት። "ባላለብሰው ኖሮ ልጄን እዚያው በቆመበት ነበር ዓይን የሚጥልብኝ። በርበሬው ተበላሸ፤ ይበላሽ። እሱ ግን ይኸው በሕይወት አለ።"

መደቡ ላይ ቁጭ አልሁ። ቀን ቀን ጋቢ ለብሶ የዋለ፣ ፀሐይ ያላየ፣ ጭስ ማውጫው የታፈነ ሣጥን። ምትኩ ምንም አላጠፋም ነበር። ቀዳዳውም አልጠበበም፣ ቆርቆሮውም ደህና ነበር። ይህን ግን ለማን ልንገር? የሄደውን የት አግኝቼ? ያሉትንስ በምን አንጀቴ? ልጃቸውን ከሞት ደበቅሁ ብለው ደስ ያላቸውን እናት፣ ለሞት የሰጡት እርስዎ ነዎት ልበላቸው? "ነው እምየ፣ ደግ አድርገዋል" አልሁና ጋቢውን ይዤ ተመልሼ ወንዝ ወረድሁ። በእንዶድ አሸሁት፣ በድንጋይ ደበደብሁት። በርበሬው ለቀቀ። ክቡ ግን ደብዝዞ ቀረ።

ጥቂት ቆይቶ ግርማ ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ሊሰናበተን መጣ። ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ ሁለት ሹራቡ ሰፍቶት። ከሣጥኑ ፊት ቁጢጥ ብሎ ሲመለከተው አገኘሁት። "የሻረግ፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትሁት? ሰው አስበላሁ እኮ" አለኝ። አላስቻለኝም። ወደ አጥሩ ጥግ ወስጄ ሁሉንም ነገርሁት፣ የጋቢውንም፣ የክቡንም። ሰምቶ ሲጨርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ይስቅ ይሁን ያልቅስ አልለየሁም። ከዚያ ተነሥቶ ፊቱን ጠራረገና እምየ ማሬን ሊሰናበት ገባ። እኔ ተከተልሁት፣ እንዳይነግራቸው ፈርቼ።

እሳቸው ቀና ብለው አዩት። "አንተ ልጅ፣ የተማርህ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ። ያ በርበሬ በምን ምክንያት ነው የተበላሸ? መጀመሪያ ደርቆ አልነበረም እንዴ?" የልጃቸው ነገር ውስጥ ውስጡን ሲበላቸው ኖሯል።

ግርማ "የኔ ስሕተት ነው እማማ" አለ። "ላስቲኩን የመረጥሁት እኔ ነኝ። የማይሆን ላስቲክ ነበር። ምትኩ ሥራው እንከን አልነበረውም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

እምየ ማሬ እንዝርቱን አስቀመጡ። "እንግዲያው ልጄን የወሰድህብኝ አንተ ነሃ?"

"አዎ እማማ።"

"ውጣልኝ!" አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። "እናትህ እንደኔ ትሁን። እንደኔ ደጅ ደጁን እያየች ትቅር።"

በኛ ዘንድ የእናት እርግማን ቀላል ነገር አይደለም። ግርማ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው፤ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ወጣ። አጥሩ ጋ ስደርስበት፣ "ለምን እንዲህ ታደርጋለህ?" አልሁት። "እሳቸው የሚጠሉት ሰው ያስፈልጋቸዋል" አለኝ። "ራሳቸውን ከሚጠሉ እኔን ይጥሉ።" ወደ ታች ሄደ። ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

ምትኩም አልመጣም። መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ ሁሉ በከተማችን በኩል አለፈ፤ ጫማ የሌለው፣ ጆንያ የለበሰ፣ ውኃ የሚለምን። እምየ ማሬ ያን ሰሞን መንገድ ዳር ነው የዋሉት። ፊት አያዩም ነበር፤ ጆሮ ነው የሚያዩት። ቀኝ ጆሮው የተበሳ። ፊትማ በረኃብና በጠባሳ ይለወጣል ይላሉ። ሰልፉ እየሳሳ ሄዶ አለቀ። እሳቸው ከዚያ በኋላም መቀመጣቸውን አልተዉም። መርዶ ሳይመጣ ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡም። ልጄ አደገች፣ አገባች፣ ሶስናን ወለደች። ሣጥኑ የእውነት ዶሮ ቤት ሆነ፤ በኋላም ላስቲኩ ተቀድዶ ቆርቆሮው ብቻ ቀረ።

እምየ ማሬ አልጋ ላይ በዋሉበት በመጨረሻው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። "የሻረግ፣ በሩን ዝጊውና ተቀመጪ።" ተቀመጥሁ። "ያ ሣጥን ፀሐይ ነበር የሚበላው፤ አይደለም?"

የጋቢያቸውን ጫፍ ጨብጬ ያዝሁ።

"አንድ ኅዳር ገሾ በዚያ ሣጥን ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁ" አሉ። "ደክሞኝ ጋቢዬን ግማሹ ላይ ጣል አድርጌ ተኛሁ። ስነሣ ፀሐይ ያገኘው ገሾ እጄ ላይ ይፈረፈራል። በጋቢው ሥር ያለው ጠቁሮ፣ አልቦት፣ እንደነበረ ነው። እዚያው ተቀመጥሁ። ልጅሽ መጥታ እስክታነሣኝ ድረስ ተቀመጥሁ።"

"እምየ፣ ይህ ሁሉ ዘመን..."

"አንቺ ለኔ ብለሽ ዝም አልሽ። እኔም ዝምታሽን እንዳላፈርስብሽ ዝም አልሁ።" እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው እንደዚያ ዛላ ደርቆ ነበር። "ያ ልጅ ግን ዋሽቶልኛል። ለኔ ብሎ እርግማን ተሸክሞ ሄደ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ 'እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ልጁም ቢሰማው መልካም ነው' አሉኝ። የሻረግ፣ ፈልገሽ አግኚልኝ። የረገመችህ አፍ እሷው እርግማኑን መልሳዋለች በዪው።" ጋቢያቸውን አልብሼ ነው የቀበርኋቸው፤ ክቡ ደረታቸው ላይ ሆነ።

ፈለግሁት። ከእርሻ መሥሪያ ቤት ሰው በመጣ ቁጥር ጠየቅሁ። ከአርሲ የመጣ ሾፌር ባገኝ ጠየቅሁ። ሶስናም በስልኳ ፈለገችልኝ፤ ግርማ የሚባል ሰው አገሩን ሞልቶታል። ባለ ሁለት ሹራብ የሚባል ግን የለም።

ያን ቀን ዩኒቨርሲቲው ሜዳ ላይ ስቀመጥ፣ ከጉና በኩል ደመና መጣና ፀሐዩን ሸፈነው። እኔ ደንግጬ ተነሣሁ። ሶስና ግን ሳቀች። "አትጨነቂ እናና፤ ደመና ሲሆን ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ይሠራል። በርበሬው ምንም አይሆንም።" እውነትም ማራገቢያዋ ዝዝዝ ማለቷን አላቋረጠችም። ሶስና ትንሿን በር ከፈተችና አንድ ዛላ አውጥታ ሰጠችኝ። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነቀነቅሁት። ሽልል አለ።

ግርማ፣ በሕይወት ካለህ፣ ይህንም ካነበብህ ወይም የሚያነብልህ ካገኘህ፣ ስማኝ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትሁት ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ያኔም ነግሬሃለሁ፤ የትም አልተሳሳትህም። ሣጥኑ ደህና ሣጥን ነበር። እናትህ ዛሬ ላይኖሩ ይችላሉ፤ ቢሆንም ቃሉ ያንተ ነውና ውሰደው። እምየ ማሬ በመጨረሻ እንዲህ ብለውሃል፦ እናትህ እንደኔ አትሁን።